በፀሐይ የሞቁ ድንጋዮች

መብራት በፈረቃ የሆነበት ዓመት ነበር። ካዛንቺስ አንዱን ማታ በብርሃን፣ ሌላውን በጨለማ ነበር የምታመሸው። አዲስ የባትሪ ድንጋይ ያለው ቤት ለማታው ይሰስትለታል እንጂ ለልጅ ትምህርት ቤት አይሰጥም። መምህርት ዘሪቱ ይህን ስለምታውቅ የአራተኛ ክፍል ልጆቿን «ያለቀውን አምጡ» አለቻቸው። ያለቀ ድንጋይ በየቤቱ ሞልቷል።

ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲውል ትንሽ ነፍስ እንደሚዘራ የማያውቅ የሰፈር ልጅ የለም፤ የየቤቱ ሬዲዮ የሚናገረው በዚሁ ዘዴ ነው። ያን ቀን ጠዋት ዘሪቱ ከጎተራ በታክሲ ተጋፍታ መጥታ፣ ኡራኤልን ከደጅ ተሳልማ፣ ትዕግሥት ብቻ ለምና ስትደርስ፣ ድንጋዮቹ በዕቃ ቤቱ መስኮት ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ዕቃ ቤቷን ሁለት ዓመት ለምና ነው ያገኘቻት። ትምህርት ቤቱ የትምህርት መርጃ ማዕከል የሚባል ክፍል አለው፤ ሉሉም፣ የሰው ልብ ቅርጹም እዚያ በመስታወት ቁም ሳጥን ተቆልፎባቸዋል። ልጆች በዓመት አንዴ ተሰልፈው ያያሉ። «በዓይን ብቻ» እያለች ስንቱን ተማሪ በዚያ መስታወት ፊት እንዳሳለፈች እግዜር ይወቀው። ዕቃ ቤቷ ውስጥ ግን ልጆቹ ይነካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ያበላሻሉ፣ እንደገና ይሠራሉ። አሁን ከካርቶን ሰፈራቸውን ሠርተዋል። እያንዳንዱ የራሱን ቤት፣ በየቤቱ አንዳንድ የባትሪ አምፖል፣ ከቤት ቤት የተቀጣጠለ የስልክ ሽቦ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ መርጋ ጠዋት በር ላይ ጠብቀዋታል።

«ዘሪቱ፣ ዛሬ ከክፍለ ከተማ ሰው ይመጣል። የሚሠራ ነገር ካዩ ክፍሏ ያንቺ ናት። ካላዩ የተሰባበረውን ዴስክ የት ልውሰደው?»

«ይሠራል።»

«እንግዲህ ይሥራ።»

ድንጋዮቹ ሲግሉ አንዴ ሞከሩት። ሰፈሩ በራ፤ ደብዛዛ ነው፣ ግን በራ። ዘሪቱ ወዲያው ሽቦውን ነቀለችው።

«በቃ። እንግዶቹ እስኪመጡ ማንም እንዳይነካ።»

እንግዶቹ ግን መጥተው አቶ መርጋ ቢሮ ለስላሳ እየጠጡ ነው፤ መቼ እንደሚነሡ አልታወቀም። ዘሪቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እግሯ ከጫማዋ ውስጥ አብጧል። ፀሐይዋም ከመስኮቱ ላይ ቀስ እያለች ሸሸች።

«ቲቸር፣» አለ ጠልሐ፣ ዝም ማለት የማያውቀው፣ «እንግዶቹንም ፀሐይ ላይ እናስጣቸው? ምናልባት ይንቀሳቀሳሉ።»

ልጆቹ ሳቁ። እሷም ሳቋን በእጇ ሸፈነች።

ከኋላ ሳምራ እጇን አወጣች። አባቷ ሜክሲኮ ጨርቅ ይነግዳል፤ እሷ ካልተጠየቀች የማትናገር ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ቅድም የእኔ ቤት ብቻ ነው በደንብ ያልበራው፤ ብልጭ ድርግም ይላል። ልየው?»

«ኋላ።»

«ኋላ ድንጋዩ ይበርዳል።»

«አትንኪ ብያለሁ።»

ሳምራ እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች። ዘሪቱ ቀና ስትል ሁሉም እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተዋል፤ ልክ መስታወቱ ፊት እንደሚቆሙት። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትከለክል የደከማት ድካም የዛሬ ብቻ አልመስል አላት።

«እሺ፣» አለች፣ «ንኪው።»

ሳምራ የቤቷ ሁለት ሽቦዎች ተነካክተው አገኘቻቸው፤ ለያይታ አጥብቃ ጠመዘዘቻቸው። ሽቦውን ወደ ድንጋዮቹ ሲመልሱት ቤቷ በራ። ከዚያ ማን ይያዛቸው። ጠልሐ ምን እንደሚሆን ለማየት አምፖሉን ሲፈታ ሰፈሩ በሙሉ ድርግም አለ።

«አንተ፣ ምን አደረግህ?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ፈረቃችሁ ደርሶ ነው።»

«የአንዱ ሲጠፋ የሁላችን ለምን ይጠፋል?» አለች ሳምራ። ጥያቄው ለዘሪቱ ነበር፤ እሷ ግን ራሳቸው እስኪያገኙት ጠበቀች። ልጆቹ ተጨቃጨቁ፣ ሽቦ ተነጣጠቁ፣ በመጨረሻ የእያንዳንዱን ቤት ሽቦ ለየብቻው ከድንጋዩ ጋር አገናኙት። ጠልሐ የራሱን ፈታ። የሌሎቹ አልጠፋም። ደግሞ ፈታ፣ ደግሞ ገጠመ፤ ሁሉም ተራ በተራ ሞከረው። እንዲህ ሲሆን ድንጋዩ ቶሎ እንደሚያልቅ ዘሪቱ ታውቃለች። ብርሃኑ እየቀላ ሲሄድ አየችው።

በሩ ሲከፈት አንድም ቤት አይበራም። እንግዶቹ ከአቶ መርጋ ጋር ገቡ፤ ከፊት ያሉት ወይዘሮ አልጋነሽ ፋይላቸውን ታቅፈዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲዞሩ ያረፈዱ ናቸው፣ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

«እስቲ አብሩት፣» አሉ አቶ መርጋ።

ሳምራ ሽቦውን አስነካች። ምንም የለም። ጠልሐ ድንጋዩን አውጥቶ በጥርሱ ነክሶ መለሰው። ምንም።

«አይሠራም?» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ።

«ቅድም ሠርቷል» አለች ሳምራ። «ያኔ የአንዱ ሲጠፋ የሁላችን ይጠፋ ነበር፣ አሁን አይጠፋም። ድንጋዩ ደክሞ ነው። ፀሐይ ላይ ካዋልነው ነገ ይበራል።»

ወይዘሮዋ ድንጋዩን በመዳፋቸው ያዙት። «የእኛም ቤት እንዲሁ ነው፣» አሉ ቀስ ብለው። «ነገ ግን እኔ ሌላ ቦታ ነኝ፣ የኔ ልጅ።» ድንጋዩን በቦታው መልሰው ሌሎቹን አስከትለው ወጡ።

አቶ መርጋ ወደኋላ ቀሩ። «ትንሽ ማስታገሥ አቃተሽ?»

«አስታግሻቸው ነበር። መከልከሉ ነው የደከመኝ፣ አቶ መርጋ።»

እሳቸው ቁልፉን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠቻቸው።

ከምሳ በኋላ ዘበኞቹ ዴስኩን እየጎተቱ ሲያስገቡ፣ ልጆቹ የካርቶን ሰፈሩን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ግቢውን አቋረጡ። ክፍላቸው ገብተው ጥቁር ሰሌዳው ሥር አስቀመጡት። ሳምራ ድንጋዮቹን በቀሚሷ ታቅፋ በክፍሉ መስኮት አጠገብ ቆመች።

«ቲቸር፣ እዚህ ጠዋት ፀሐይ የለም። የሚገባው አሁን፣ ከሰዓት ነው።»

ዘሪቱ ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አውልቃ ነበር። ሳይንስ ጠዋት፣ ግብረ ገብ ከሰዓት ነው፤ ልታቀያይረው የማትችልበት ምክንያት አልታያትም።

«ደርድሪያቸው፣» አለቻት። «ሳይንስን ከሰዓት እናደርገዋለን።»