ከፊት ያለው ውሃ

ማርጎ ዱብሮቭስኪን የማውቃት ከፊቷ ሳይሆን ከእግሯ ነው። ኮሌጅ ከገባሁ ጀምሮ፣ በገንዳችን አራተኛ መስመር ላይ፣ ከእሷ ኋላ ስዋኝ ኖሬያለሁ። ግራ ተረከዟ ላይ ያለችውን ጠባሳ ከራሴ አፍንጫ አብልጬ አውቃታለሁ። ፊቷን የማየው ግድግዳው ጋ ቆመን ትንፋሽ ስንሰበስብ ብቻ ነው፤ ያኔም አብዛኛውን ጊዜ እየተሳደበች ነው።

በአንድ መስመር አምስት ሆነን ነው የምንዋኘው። ፈጣኗ ትመራለች፣ የቀረነው ተራ ይዘን እንከተላለን። ከኋላ ያለችው የፊተኛዋን እግር በጣቷ ከነካች «ከአንቺ እፈጥናለሁ፣ አሳልፊኝ» ማለቷ ነው። የተነካችው ግድግዳው ጋ ስትደርስ ጥግ ትይዝና ታሳልፋታለች። ክርክር የለም፣ ኩርፊያም የለም። የአምበልን እግር መንካት ግን ሌላ ነገር ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። ማርጎ አምበላችን ናት፣ አራተኛ ዓመት ናት፣ ምላሷም ምላጭ ነው። እግሯን የነካ ሰው በእኔ ዘመን አልነበረም።

እኔም ባልነካኋት ነበር፣ የቅብብሉ ጉዳይ ባይመጣ።

ረጅሙን የሴቶች ቅብብል አራት ሆነን በየተራ እንዋኛለን፤ በየዓመቱ በሊጉ ሻምፒዮና ላይ ኤልምዉድ ኮሌጅ ቀድሞን ይገባል። በየዓመቱ እነሱ ከላይ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፣ እኛ ከጎናቸው ቆመን ጥርሳችንን እናሳያለን። ማርጎ ያንን ፎቶ ሦስት ጊዜ ተነስታለች። ዘንድሮ ሦስቱ ዋናተኞች ገና በመስከረም ታወቁ። አራተኛዋን፣ ማለትም መጨረሻ ላይ የምትዋኘውን፣ አሰልጣኝ ሩድኒክ አልወሰኑም። ቦታው የማርጎ ነበር። ዘንድሮ ግን፣ ትምህርት ሲጀመር ጀምሮ፣ እኔ እዚያችው እግሯ ሥር ነበርኩ፤ ስትፈጥን እፈጥናለሁ፣ ስትቆም እቆማለሁ፣ ደግሞም እንደ እሷ አላለከልክም። አሰልጣኙ ይህን አይተው፣ ከገና በኋላ ያለው ልምምድ የሚያበቃ ዕለት ማርጎንና እኔን ብቻ አወዳድረው እንደሚወስኑ ነገሩን።

እንደምበልጣት አልተጠራጠርኩም። ለምን እጠራጠራለሁ? ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ ፀጉሬ እንደረጠበ ኬሚስትሪ ክፍል ገብቼ፣ ክሎሪን ክሎሪን እየሸተትኩ እያንቀላፋሁ ይህን ሁሉ ጊዜ የለፋሁት ሁለተኛ ልሆን አይደለም።

ገና አለፈና ግቢው ባዶ ሆነ። ተማሪው ሁሉ ቤተሰቡ ጋ ነው፤ የመመገቢያ አዳራሹ ተዘግቷል፤ በረዶው የመኝታ ክፍሎቻችንን መስኮት እስከ ግማሽ ቀብሮታል። የቀረነው እኛ ዋናተኞቹ ብቻ ነን። ጠዋት እንዋኛለን፣ ብረት እናነሳለን፣ እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ከሰዓት ደግመን እንዋኛለን። ከገንዳው ወጥተን መኝታችን እስክንደርስ ከቆብ ያመለጠች ፀጉር ሁሉ በረዶ ሆና ትንኳኳለች። ራት በተራ እናበስላለን፤ ማለት፣ በትልቅ ድስት ፓስታ እንቀቅላለን፣ ማን ጨው እንደረሳ እንጣላለን።

አንድ ምሽት ድስቱ ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ ወሬው ወደ ውድድሩ ዞረ። ማን ያሸንፋል ተባለ። እኔ አፌን ሞልቼ፣ እኔ ነኝ አልኩ። ማርጎ ፓስታዋን ጠቀለለች። በመስመራችን ከእኔ ኋላ የምትዋኘው ዴላኒ ግን ነገር አያልፋትም።

«ኬዚያ እኮ አትዋኝም» አለች፣ «ትታዘላለች እንጂ። ማርጎ ውሃውን ትሰብርላታለች፣ እሷ ከኋላ ተኝታ ትመጣለች። ሕፃን ልጅ እንኳ እናቱ ጀርባ ላይ ሲሆን አይደክመውም።»

ድስቱ እስኪናወጥ ሳቁ። ማርጎም ሳቀች። እኔን ያንገበገበኝ የእሷ ሳቅ ነው። ሹካዬን ጥዬ ወጣሁ፤ ርቦኝ ስለነበር ግን ተመልሼ ሳህኑን ይዤ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ልምምዱ መሃል ላይ፣ የማርጎን እግር ነካሁ።

መጀመሪያ ያልተሰማት መሰለኝና ደገምኩ። ግድግዳው ጋ ስትደርስ ጥግ ያዘች። በመነጽሯ ውስጥ አየችኝ፤ አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። እጇን ዘርግታ መንገዱን አሳየችኝ፣ በር ከፍቶ እንግዳ እንደሚያሳልፍ ሰው። ግድግዳውን በሁለት እግሬ ገፍቼ ወጣሁ። ደስ አለኝ። የደስታዬን ዕድሜ ግን እግዜር አሳጠረው፣ ከገንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ እንኳ አልቆየልኝም።

ውሃው ሌላ ውሃ ነበር። ያ ሁልጊዜ ወደፊት የሚስበኝ፣ ክንዴ ሥር የሚለሰልሰው ውሃ የለም። ይኼኛው ሰው ያልነካው፣ ያልታረሰ መሬት ነው። በደረቴ መግፋት ነበረብኝ። ሰዓቱንም የማየው እኔ ነኝ፣ ፍጥነቱንም የምወስነው እኔ ነኝ፤ ብሳሳት ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ይሳሳታሉ። ጥቂት እንደተመላለስኩ ትከሻዬ ነደደ። ዴላኒ እውነቷን ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ፈጣን ነኝ ስል የኖርኩት፣ ሌላ ሰው በሰበረው ውሃ ውስጥ እየተንፈላሰስኩ ነበር።

ከዚያ እግሬ ተነካ።

እውነት ለመናገር እፎይ አልኩ። ማርጎ ቦታዋን ልትወስድ ነው፤ ሥርዓቱም ይፈቅድላታል። ግድግዳው ጋ ስደርስ ጥግ ያዝኩ። ማርጎ መጣችና እሷም ቆመች። ዴላኒ መጥታ እሷ ላይ ተለጠፈች፣ ሌሎቹም ዴላኒ ላይ።

«ምን ትቆሚያለሽ?» አለችኝ ማርጎ።

«ነካሽኝ እኮ።»

«ነካሁሽ። ልለፍ አልኩሽ?»

«ታዲያ ምን ልትይ ነው የነካሽኝ?»

«ተኝተሻል ልልሽ ነዋ። መሪ መሆን ፈልገሻል፣ ምሪያ።»

ዴላኒ ከኋላ ሆና፣ ስብሰባ ከሆነ ሻይ ይምጣልን አለች። እኔ ሄድኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሮዬ ሲኦል ሆነ። ክንዴ ትንሽ ዘገም ባለ ቁጥር የማርጎ ጣት እግሬ ላይ ነው። ተረከዜን፣ ውስጥ እግሬን፣ አንዴ ደግሞ ቁርጭምጭሚቴን ይዛ ጎተተችኝ። ግን አታልፍም። ብለምናትም አታልፍም። ውሃ ውስጥ ሆኜ ሰድቤአታለሁ፤ ውሃ ውስጥ የተሳደበ ሰው የሚውጠው ውሃ ነው እንጂ ማን ይሰማዋል። አሰልጣኝ ሩድኒክ ጋ ሄጄ ከሰስኳት። የዋናን ሥርዓት እያፈረሰች ነው፣ የነካ ማለፍ አለበት አልኳቸው። ሽማግሌው የሱፍ ፍሬያቸውን እየፈለፈሉ፣ ሥርዓቱን ያወጡት እሳቸው እንዳልሆኑ፣ ቶሎ ከዋኘሁ ደግሞ ማንም እንደማይደርስብኝ ነገሩኝ። ከዚህ የበለጠ ፍትሕ ከአሰልጣኝ አይጠበቅም።

እንዲህ እያለ፣ መቼ እንደሆነ ሳላውቅ፣ ውሃው ለእኔም ይሰበር ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ልምምዱ አልቆ ቆቤን ሳወልቅ፣ ማርጎ አንድ ጊዜም እንዳልነካችኝ አስተዋልኩ። ዘወር ብዬ አየኋት። መስመሮቹን የሚለየው ገመድ ላይ ተደግፋ ታለከልካለች፣ ፊቷ ቀልቷል። አልደረሰችብኝም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያን ዕለት የፓስታው ተራ የእኔ ነበር፤ ድስቱ ላይ እያፏጨሁ ቆምኩ፣ ጨውም አልረሳሁም።

ውድድሩ ደረሰ። አሰልጣኙ ጎን ለጎን፣ ለየብቻ መስመር ሰጡን። ቡድኑ በሙሉ ገንዳው ዳር ተኮልኩሏል። ፊሽካው ተነፋ፣ ዘለልን። ስለ ዋናው ብዙ የምለው የለኝም፤ ከፊቴ ማንም አልነበረም፣ ከፊቴ ሰው እንዲኖርም አልፈለግሁም። መጨረሻዋ ላይ ማርጎ ብትደርስብኝም በአንድ መዳፍ ቀደምኳት። ግድግዳውን ነክቼ ቀና ስል ሰዎች ይጮሃሉ። ማርጎ በገመዱ ላይ እጇን ዘርግታ እጄን ጨበጠችና ወጣች። ወደ መታጠቢያው ስትሄድ ጀርባዋን አየሁት። የማውቀው እግሯን ነው ብያለሁ፤ ያ ጀርባ ግን ሆዴን አባባው። ያ ሁሉ እብሪቴ የት እንደገባ አላውቅም። አራት ዓመት የለፋችበትን፣ መጨረሻዋ የሆነውን ውድድር ከእጇ ነጠቅኳት።

አመሻሹ ላይ ፈልጌ ፈልጌ ወጥ ቤት አገኘኋት። ብቻዋን ቆማ፣ የተረፈ ቀዝቃዛ ፓስታ ከድስቱ ትበላለች።

«ቦታውን ልተውልሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። «ያንቺ የመጨረሻ ዓመት ነው። እኔ ገና አንድ ዓመት አለኝ። ለአሰልጣኙ ትከሻዬን አመመኝ እላቸዋለሁ።»

ሹካዋን አስቀመጠች። «ሞኝሽን ፈልጊ።»

«ከልቤ ነው፣ ማርጎ።»

«ከልብሽ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። አንቺ ስትሰጪኝ፣ ተቀብዬ የምዋኘው እኔ ማን ነኝ? ለማኝ?»

ደሜ ፈላ። ቦታውን ካልፈለገችው፣ ለምን ያን ሁሉ ቀን እንደ በሬ ስትነዳኝ እንደከረመች ጠየቅኳት። ብታልፈኝ ኖሮ እኔ ያው ታዝዬ እቀር ነበር፣ ዛሬም አሸናፊዋ እሷ ነበረች።

ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር። «ላንቺ ብዬ መሰለሽ? ለራሴ ብዬ ነው። ከፊት ብቻዬን ስሆን እተኛለሁ፣ ኬዚያ። የሚያስፈራኝ ሰው ፈለግሁ። ትንሽ ጠንከር ብለሽ ታስፈሪኛለሽ፣ እኔም እፈጥናለሁ፣ ከዚያ እበልጥሻለሁ፣ አለቀ። ሒሳቡ ተሳሳተብኝ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።»

ድስቱን ወደ እኔ ገፋችውና ቀጠለች። «መታጠቢያ ቤት አልቅሻለሁ፤ እንዳላለቀስኩ አታስቢ። እናትና አባቴ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠዋል። ይመጡና ቱታ ለብሼ ሳጨበጭብ ያዩኛል። ያቃጥላል። ግን የኤልምዉድ ልጆች አራተኛውን ፎቶ ቢነሱ የበለጠ ያቃጥለኛል። አንቺ ዛሬ ከእኔ ፈጥነሻል። ስለዚህ ብይና ተኚ።»

በላሁ፣ ተኛሁም።

ሻምፒዮናው ዕለት የመዋኛው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የማርጎ አባት ግዙፍ ሰው ነው፤ የልጁ ስም የተጻፈበትን ካርቶን ይዞ መጥቶ፣ እንደማትዋኝ እያወቀም አላወረደውም። ማርጎ ቱታዋንና ስፖርት ጫማዋን አድርጋ፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ አንጠልጥላ ከመነሻው ኋላ ቆመች፤ ሦስቱ ሲዋኙ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። የእኔ ተራ ሲደርስ የኤልምዉዷ ቀድማኝ ዘለለች። ማርጎ ምንም አልነገረችኝም። መንገሪያው ጊዜ አልፏል።

መጀመሪያ ላይ በሌላኛው መስመር የልጅቷ እግር ከፊቴ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ወገቧ ታየኝ። ከዚያ ፊቷ። ከዚያ ውሃ ብቻ። እኔም ያንን ውሃ አውቀው ነበር፤ በክንዴ፣ በትከሻዬ፣ በየጠዋቱ ስድቤ አውቀው ነበር። ግድግዳውን ነካሁ። ሰሌዳው ላይ የኮሌጃችን ስም ከላይ ነበር።

ቀና ስል ማርጎን አየኋት፤ ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ የጫማዋ ጫፍ ከጠርዙ አልፎ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ልትዘል። የመጨረሻው ቡድን ግድግዳውን ሳይነካ በቅብብሉ የሌለ ሰው ውሃ ውስጥ ከገባ ቡድኑ ከውድድር ይሰረዛል። ይህን ሕፃን ዋናተኛ ያውቀዋል። ማርጎም ታውቀዋለች፤ ግን ያን ሰዓት ምንም የምታውቅ አትመስልም ነበር። ዳኛው ወደ እሷ ዞሯል። ለመጮህ አፌን ብከፍት ትንፋሽ የለኝም።

ማርጎ ራሷን ያዘች። እንዴት እንደያዘች አላውቅም፤ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጠላልፋ ቆመች። ሌሎቹ ቡድኖች አንድ በአንድ ገቡ። መጨረሻ ላይ አንዲት የትንሽ ኮሌጅ ልጅ ብቻ ቀረች፤ ገና ወዲያ ማዶ ናት፣ ደክሟታል፣ ቀስ ብላ ትመጣለች። ማርጎ የልጅቷን ስም ሰሌዳው ላይ አነበበች።

«ነይ፣ ብሪያር» ብላ ጮኸች፣ በዚያ በተዘጋ ድምጿ። «ነይ የኔ እህት። ደርሰሻል። እጅሽን ወርውሪ። በእናትሽ ፍጠኚልኝ።»

ዴላኒ ጩኸቱን ተቀበለቻት። ከዚያ ቡድናችን በሙሉ። የማርጎ አባት ካርቶኑን እያውለበለበ፣ ብሪያር የምትባል ሰው በሕይወቱ ሰምቶ ሳያውቅ፣ ስሟን ይጠራ ጀመር። አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። ልጅቷ ያን ሁሉ ጩኸት ሰምታ ፈጠነች፤ ግድግዳውን ነክታ ቀና ስትል፣ አንደኛ የወጣች ያህል በድንጋጤ ዙሪያዋን አየች።

ማርጎ ዘለለች፤ ከነጫማዋ፣ ከነቱታዋ፣ ከነፊሽካዋ። ከጎኔ ብቅ አለችና አንገቴን አነቀችው። ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። የራሰው ቱታዋ ሁለታችንንም ወደ ታች ይጎትተን ነበርና፣ በአንድ እጄ ገመዱን፣ በሌላው እሷን ይዤ ቆየሁ።