ድምፅ የተጨመረለት ፍሬም

ሐሙስ ቀን ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ስልክ ጠጋኙ የእናቱን ዲጂታል የፎቶ ፍሬም በሱቁ ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፍቶ የመጀመሪያውን ብሎን ፈታ። እናቱ ፍሬሙን ለብቻው አልለቅም ብላ አብራው መጥታ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ታናሽ እህቱ ከሞተች አርባ ሰባተኛ ቀኗ ነበር።

ፍሬሙን የገዛችው ያቺው እህቱ ናት። የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነበረች። እናትየው ስልክ መነካካት አይሆንላትም፤ ልጇ መንገድ ላይ ውላ እስክትገባ ደግሞ ሆዷ አያርፍም። ስለዚህ ነጂዋ በየቀኑ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ስትደርስ ሞተር አጥፍታ፣ ከራሷ በላይ በተሰቀለው ሰፊ መስታወት ውስጥ የራሷን ፎቶ አንስታ ትልካለች። ፎቶው በዋይፋይ መጥቶ ሳሎን ውስጥ ፍሬሙ ላይ ቦግ ይላል። «ተመስገን፣ ጨረሰች» ትላለች እናት፤ እህል የምትቀምሰው ከዚያ በኋላ ነው። አራት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ድንገት የያዛት ሕመም ግን በሦስት ሳምንት ጨረሳት።

ከቀብሩ በኋላ እናት ፍሬሙ ፊት ተተክላ ትውል ጀመር። የልጇ ፊት ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሌላ የልጇ ፊት ይተካል። አንድ ቀን እንዲህ አለች፦

«ይኼ ዕቃ መልኳን ይዞ አፏን ዘጋት። አሁን እሷ አፏ ተዘግቶ ያውቃል?»

ጠጋኙ ልጇ ሳቀ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር። የእህቱ የድምፅ መልእክት ስልኩ ውስጥ ነበረው፤ አሥራ አንድ ሰከንድ። ፍሬሙም ስፒከር የሚቀበልበት ቦታ አለው፤ አብሮት የመጣው ሶፍትዌር ግን ድምፅ አያውቅም። አዲስ መጫን ያስፈልጋል።

«ስትፈታታው ፎቶዎቹ አይወድቁም?» አለች እናት፣ አንገቷን አስግጋ።

«እማዬ፣ ፎቶ እንደ ባቄላ ይረግፋል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። የእናንተ ሙያ መበተን ነው።»

ከጀርባው ግድግዳ ላይ በገዛ እጁ የጻፈው ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ፎቶዎን ሳይገለብጡ ስልክዎን አይስጡን።» ስንቱን ደንበኛ በዚህ ተቆጥቷል! ዛሬ ግን ፎቶዎቹ ሁሉ ከእህቱ ስልክ የተላኩ ናቸው፣ ስልኩም መሳቢያው ውስጥ አለ ብሎ ተማመነ። ስልኩን ከፍቶ አላረጋገጠም። ከሞተች ወዲህ ያን ስልክ ለመክፈት አንጀቱ አልቻለም ነበር።

ስፒከሩን በየደ። አዲሱን ሶፍትዌር ሊጭን ሲል ፍሬሙ «ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ይቀጥል?» ሲል ጠየቀው። ይቀጥል አለ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ከፍሬሙ ጥቁር መስታወት ድምፅ ወጣ። «ጋሼ፣ እማን ዛሬ አመሻለሁ በላት። ደግሞ መድኃኒቴን ውጫለሁ ብትልህ እንዳታምናት፤ ውሸታም ናት!» ከዚያ ሳቋ።

እናት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ድገመው» አለች። ደገመው። «አየህ፣ ስታማኝ!» እያለች በዕንባ ሳቀች። አምስት ጊዜ ሰሙት። ከዚያ፣ «በል አሁን ፊቷን አምጣው» አለችው።

የእህቱን ስልክ ከፈተ። አሥራ አራት ፎቶ አለ፦ የተቀደደ ጎማ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የሥራ ፕሮግራም። በመስታወት ውስጥ የተነሳ አንድም የለም።

ትዝ አለው። እዚህችው ሱቅ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ሚሞሪ ሞላ እያለ ይነዘንዘኛል» ብላው ነበር። «እማ ፍሬም ላይ ካለ ስልክሽ ላይ ምን ይሠራልሻል? ልከሽ ልከሽ አጥፊው» ያላት እሱ ነው። የማንንም ምክር የማትሰማ ልጅ የእሱን ሰምታለች።

«ምነው? ጠፋብህ እንዴ?» አለች እናት።

«እማዬ…»

«ምን ሆንክ?»

«አጥፍቻቸዋለሁ። ሌላ ቦታ ያሉ መስሎኝ ነበር። የሉም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

እናት ፍሬሙን አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው። አልጮኸችም። እጁን ያዘችና ሱቅ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እንግዲያው ድምፅዋን አውጣውና ፊቷን መልስልኝ። ድምፅዋ ይቅርብኝ ልጄ፤ አጥፍቻለሁ፣ መጠየቅ አልነበረብኝም» አለችው።

ድምፁን በፎቶዎቹ መለወጥ እንደማይቻል ሊያስረዳት ሞከረ። ሱቁን ሦስት ቀን ዘግቶ የፍሬሙን ሚሞሪ ሲበረብር ሰነበተ፤ ያገኘው ግማሽ ግንባር፣ የመሪ ጠርዝና ግራጫ መስመር ብቻ ነው። ዘመድ ሁሉ ስልኩን ፈትሾ ዘጠኝ ፎቶ አዋጣ፤ በሁሉም ላይ ነጂዋ ከሰው ኋላ ቆማለች። የአውቶቡስ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ለመታወቂያ ያነሳትን ጉርድ ፎቶ ሰጣቸው።

እናትየው ጉርዱን ፍሬሙ ላይ እንዲጭንባት አልፈቀደችም፤ በወረቀት አሳትማ ያዘችው። ከአሥራ አራት ወር በኋላ ስትሞት ፎቶው በመነጽሯ ማኅደር ውስጥ ተገኘ።