ለዕጣ የተላኩ ሽማግሌዎች

ደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ከገሳይ የሚላክ ሽማግሌ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። ባልና ሚስት አስታርቋል፣ ደም አድርቋል፤ አንዴማ አኩርፎ የሄደ ቄስ ወደ ደብሩ መልሷል። እና ዓይናለም ለአባቷ ለአቶ ይሻው ብላ ዶክተር ፋሲል ዘንድ ሽማግሌ ብትልክ ማን ይፈርድባታል?

የአባቷ የአንጎል ካንሰር አገርሽቷል። ፋሲል ደግሞ የደብረ ታቦር ልጅ ሆኖ ውጭ አገር ይህንኑ ያጠናል። ለፋሲካ እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ አስረድቷታል፦ በሽታ የሚዋጉ ሕዋሳት ከደም ተለይተው ይወጣሉ፣ ካንሰሩን እንዲያውቁት ተደርገው ይመለሳሉ። የሚፈተነው ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ቢጣመሩ ከአንዱ ብቻ ይሻል እንደሆነ ነው። አባቷ ሙከራው ውስጥ መግባት ይችላሉ፤ አንዱን ያግኙ ሁለቱን ግን ኮምፒውተር በዕጣ ይለያል።

ዓይናለም ኩዌት ሰው ቤት ስትሠራ ያልለመነ እንደማያገኝ ተምራለች። ዕጣ የሚባለውን አልወደደችውም።

ሽማግሌዎቹ ከዓይናለም ጋር የፋሲል እናት ሳሎን ገብተው ቆሙ። ተቀመጡ ተብለው ቢለመኑም እሺ ሳይባሉ እንደማይቀመጡ ተናገሩ። የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ጌጡ ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ “ስለ መድኃኔዓለም፣ ሁለቱንም ስጠው ልጄ። በአንድ በሬ ማን ያርሳል?” አሉ።

ፋሲል ዕጣው በእጁ እንዳልሆነ፣ ሁለቱ ቢጣመሩ ይጥቀሙ ይጉዱ ገና እንደማይታወቅ ነገራቸው።

“እንግዲያው ለኮምፒውተሩ ንገርልን፤ ሽማግሌ መጥቷል በለው” አሉ አቶ ጌጡ።

ከበሩ ሳቅ ተሰማ። አቶ ይሻው ናቸው፤ ወሬው ደርሷቸው በሚኒባስ ተከትለው መጥተዋል። ቀኝ እጃቸው ስለከዳቸው ዘንጉን በግራ ይዘዋል።

“ጌጡ፣ መሬት በዕጣ ሲደለደል ለእኔ ድንጋያሙ፣ ለአንተ ወንዝ ዳሩ ደረሰ። ሽማግሌ ላክሁብህ?”

ጌጡ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

“አባዬ፣ ይሄ መሬት አይደለም” አለች ዓይናለም። “ነፍስዎ ነው።”

አቶ ይሻው አፋቸውን ከፍተው ቆዩ። በሽታው ሰሞኑን ቃል ይሰርቃቸዋል።

“ያ... ድርሻ” አሉ በመጨረሻ። “በዕጣ ድርሻው አንዱ ብቻ የሚሆነው ሰውዬስ? ሽማግሌ የሚልክለት ልጅ ባይኖረውስ? ደግሞ ብድን፣ ያዳነኝ መድኃኒቱ ይሁን ጌጡ በምን ይታወቃል?”

ሽማግሌዎቹ አሁንም ቆመዋል፤ እሺ ካልተባለ ወይም ላኪው ልመናውን ካልተወ የተላከ አይቀመጥም። ሁሉም ዓይናለምን አዩ። እሷ የምታየው የአባቷን ቀኝ እጅ ነበር፤ እንደ ሌላ ሰው እጅ ጎናቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

የጌጡን ዘንግ ተቀብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

“ይቀመጡ፣ ጋሼ ጌጡ።”