የአልፊያ ሳቅ

ፈይዛ የማድ ቤቱን መቀርቀሪያ በንዴት ሳበችው። የሰባት ዓመት ልጇ አልፊያ ከከሰል ጆንያው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። የቆለፈባት የፈይዛ ታላቅ ወንድም ኑሕ ነው። የአባታቸው የሐጂ ጀማል ለቅሶ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ የኑሕን ልጅ ፈትያን ያጩት ሰዎችም ከዘነበወርቅ መጥተው ድንኳን ተቀምጠዋል።

ኑሕ ከኋላዋ ደረሰ። እንግዶቹ እስኪሄዱ ልጅቷ እዚያው ትቆይ አለ። ትናንት አስከሬኑ ሲወጣ መሳቋን ሰፈሩ ሁሉ አይቷል፤ ዛሬ ደግሞ አይደገምም።

"ከባልሽ ወገን የመጣ ጣጣ ነው። የኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም።"

ሰባት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስትሰማ ኖራለች። ባሏም ይህንኑ ሲሰማ ኖሮ ጥሏት ሄደ። ከቦርሳዋ የአልፊያን የደም ምርመራ ወረቀት አወጣች። አንድ ዘረመል ተበላሽቷል ብሏታል ሐኪሙ። ያረጀ ፕሮቲን ተለይቶ እንዲወገድ የሚያደርገው ኢንዛይም የሚሠራው በዚያ ዘረመል ነው፤ አንጎል ውስጥ ደግሞ ከእናት የተወረሰው ብቻ ነው የሚያገለግለው። አልፊያ የማትናገረውም ያለ ቦታው የምትስቀውም ለዚህ ነው።

"የመጣው ከአባባ ነው" አለች። "ባለፈው ወር ደማቸው ተመርምሯል። እኔ ከአባት ስለወረስኩት ምንም አላደረገኝም፤ እሷ ግን ከኔ ወረሰችው። አንተም ወርሰህ ለፈትያ አስተላልፈህ ከሆነ፣ የምትወልደው ልጅ እንደ አልፊያ ሊሆን ይችላል።"

ኑሕ አልደነገጠም። ድንኳን ያሉት መስማት አለመስማታቸውን ብቻ ዞር ብሎ አየ። ፈይዛ ያኔ ገባት፤ አባታቸው ነግረውታል።

"እያወቅክ ነው የቆለፍክባት?"

"ድምፅሽን ቀንሺ። ሰርጉ ይለፍ፣ እነግራታለሁ።"

ፈትያ ከወለደች በኋላ ማለቱ ነው። ፈይዛ ደሟ ፈላ። ድንኳኑ መሃል ቆማ ሁሉንም ልትዘረግፈው እግሯን አንስታ ነበር፤ ፈትያ ብርጭቆ ልትወስድ ስትመጣ አየቻትና ቆመች። ወረቀቱን በአባቷ በኑሕ ፊት እጇ ላይ አኖረችላት።

"አንብቢው። ያልገባሽን እኔን ጠይቂኝ። ለሰዎቹ መንገር አለመንገር ያንቺ ነው፤ የሱ አይደለም።"

ከዚያ የአልፊያን ቀሚስ አራገፈችና እጇን ይዛ ድንኳን ገባች። ከፈትያ የወደፊት አማት አጠገብ አስቀመጠቻት። አልፊያ ሴትየዋን ቀና ብላ አይታ ከት ብላ ሳቀች፤ ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ።

ፈይዛ የልጇን አፍ አልያዘችም።