የብሮንዩስ አጥር

ብሮንዩስ አርባ ዓመት በሠራበት የአሸዋ ኮረብታ ላይ መንገድ ጠፋው። ያውም ልጁ ሚልዳ ከጎኑ ሆና እያየችው፤ ያውም መጥፋት በማይገባው በዚያች አንዲት ቀን።

ነገሩ ፈተና ነበር። ወንድሟ ኢግናስ፣ አባታቸው ከእንግዲህ ብቻውን መኖር ስለማይችል ክላይፔዳ ከተማ ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ይግባ ባይ ነው። አባትየው ደግሞ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም ብሏል። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ። እንደየዓመቱ፣ እሱ ይሠራበት ወደነበረው የባሕር ዳር መንደር ወደ ኒዳ ሄደው ጎጆ ሲከራዩ፣ አባትየው ያለ ስልክና ያለ ካርታ ሚልዳን ይዞ ኮረብታውን ዞሮ ከተመለሰ ቤቱ ይቆያል። ፈራጇ ሚልዳ ሆነች፤ እንደማትዋሽ ሁለቱም ያውቃሉ።

ጠዋት ላይ አባቷ ፊት ፊት እየሄደ በጫማዋ ሲስቅባት ነበር። የተማረችበት ዩኒቨርሲቲ አሸዋ ላይ መራመድ እንዳላስተማራት ነገራት። በጢስ የደረቀ ዓሣ በጥቁር ዳቦ በልተው ሲነሱ ከባሕሩ ጭጋግ ገባ። ኮረብታው፣ ከኮረብታው ሥር ያለው ሐይቅ፣ የራሳቸው ዱካ ሳይቀር ጠፋ።

እሱ ግን አልደነገጠም። ሥራው ነፋስ የሚያዘዋውረውን አሸዋ በጭራሮ አጥር ማስቆም ነበር፤ እንጨት ይተክላል፣ ጭራሮ ይጎነጉንበታል። የእሱ አጥሮች ሁሉ ወደ መንደሩ ነው የሚወስዱት። አንዱን ካገኘ በግራ እጁ እየዳሰሰ መንደሩ ይገባል።

አንድ አጥር አገኙ። ሚልዳ እንጨቱን ስትነካው ሙጫው ጣቷ ላይ ተጣበቀ። ልጡ እንኳ አልደረቀም። አባቷ ጡረታ ከወጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

«አባዬ፣ ይኼ ያንተ ነው?»

«የማን ሊሆን ታዲያ? እናትሽን ያገባሁ ሰሞን የተከልኩት ነው።»

የእንጨት ዕድሜ በጣት እንደሚታወቅ ያስተማራት እሱ ነበር። ዝም አለች፤ ፈራጅ አይጠቁምም። ሁለት ሰዓት ያህል አጥር ለአጥር ከተጓዙ በኋላ ከጭጋጉ ውስጥ የድንበር ምልክት ብቅ አለ። ማዶው ሩሲያ ነው። ሁለት ድንበር ጠባቂዎች መጡና አንደኛው፣ ወዴት ነው አባባ፣ ብሎ ጠየቀው። ወደ ቤቴ፣ አለ ብሮንዩስ። በመኪናቸው መንደሩ ድረስ አደረሷቸው።

ከተከራዩት የእንጨት ጎጆ ገብተው ልብሳቸውን ሳይቀይሩ የሚልዳ ስልክ ጠራ። ኢግናስ ነው።

«ጭጋጉ ነው በይው» አላት አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጭጋግ ማንንም ያሳስታል።»

ውሸት አልነበረም። እሷም ብቻዋን ብትሆን ትጠፋ ነበር። ይህን ብቻ ብላ ስልኩን መዝጋት ትችላለች።

«ድንበር ድረስ ሄደን ነበር» አለችው ለወንድሟ። «ዘንድሮ የተተከለ አጥር ተከትሎ፣ ሲያገባ የተከለው መሰለው። ብቻውን መኖር አይችልም።»

ኢግናስ ሌላ ነገር ሲጠይቃት በኋላ እደውላለሁ ብላ ዘጋችው።

አባቷ ከወንበሩ አልተነሳም። ከቦት ጫማው የሚንጠባጠበው ውሃ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል።

«አጥሩን ስትነኪው ነው ያወቅሽው?»

«አዎ።»

«ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብለሽ ተከተልሽኝ።»

«ፈተና ነበር፣ አባዬ።»

«ልክ ነሽ» አለ። ተነሳ፤ ካፖርቱን ከምስማሩ አወረደ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈ። ውጭ ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ወጣና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።