የኔቪል ፈቃድና የጓሮዋ ማግፓይ

ቤንዲጎ ከተማ ላይ መስከረም ሲጠባ የኔቪል አበሳ ይጀምራል። ፎቶና ፋይል የሚያስቀምጥበት ትልቁ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ያለው ጓሮ ካለችው ቆርቆሮ ቤት ነው። ከወጥ ቤቱ በር እስከዚያ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ግን ባሕር ዛፉ ላይ ጎጆ የሠራች ማግፓይ አለች። ይቺ ወፍ የኔቪልን ራስ ካየች ምሕረት አታውቅም።

ሰርቨሩን የገዛው አንድ መሥሪያ ቤት አርጅቷል ብሎ ሲያስወግደው ነው። የቤተሰቡ ፎቶ በሙሉ እዚያ ላይ ነው ያለው። ሲበራ እንደ አውሮፕላን ስለሚያጓራ ከቤት ተባሯል፤ ቀኑን ሙሉ እንዳይጮኽ ደግሞ ኔቪል በፈለገው ቁጥር ሄዶ ያበራዋል። በዚህ ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ጆሮው ደምቶ ሲመለስ፣ ሚስቱ ዶሪን ፕላስተር እየለጠፈች ቁርጡን ነገረችው። ዳግመኛ ደምቶ ከመጣ፣ ቅዳሜ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና አሮጌ ዕቃ ሲሰበስብ ሰርቨሩም አብሮ ይሄዳል።

ኔቪል መላ አላጣም። እንዲህ ዓይነት ማሽን ሆዱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር አለው፤ ትልቁ ቢተኛም ትንሹ አይተኛም፣ ከሩቅ ሲያዙት ትልቁን ይቀሰቅሳል። ሠሪዎቹ ግን ይህን ቆልፈውታል፤ የሚከፈተው ፈቃድ ሲገዛ ነው። ፈቃዱ ደግሞ ለአንድ ማሽን ብቻ፣ በመለያ ቁጥሩ ነው የሚሰጠው። ቁጥሩ የተለጠፈው ማሽኑ ላይ ነው፤ ማሽኑም ቆርቆሮ ቤት ውስጥ።

ስለዚህ ወፏ የሚያያት መስሏት እንድትፈራ የአይስክሬም ባልዲ ጀርባ ላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ስሎ፣ ራሱ ላይ ደፍቶት ለመጨረሻ ጊዜ ወጣ። ቁጥሩን አነበበ፣ እዚያው ቁጭ ብሎ በስልኩ ፈቃዱን ገዝቶ ጫነ፣ ሞከረው፤ ሠራ። ልቡ ቅቤ ጠጣ። ሰርቨሩን አጠፋፍቶ፣ ባልዲውን በሁለት እጁ ይዞ እየሮጠ አንዲት ጭረት ሳይነካው ገባ።

ዶሪንን ጠርቶ ላፕቶፑ ፊት አስቀመጣትና እንደ ሚኒስትር ተጎማሎ ቁልፉን ተጫነ። «ማሽኑ አልተገኘም» አለ ስክሪኑ። ደገመው። ሠለሰው። ሻጩ አታልሎኝ ይሆናል እያለ ማጉረምረም ጀመረ።

«ስትወጣ የግድግዳውን ሶኬት ማጥፊያ ምን አደረግከው?» አለችው ዶሪን።

ኔቪል ክው አለ። ይህ ሰው ከተወለደ ጀምሮ የግድግዳውን ሶኬት ሳያጠፋ ከክፍል ወጥቶ አያውቅም፤ ሆቴል እንኳ ሲያድር የሰውን ቴሌቪዥን አጥፍቶ ነው የሚወጣው። ያ የማይተኛው ትንሽ ኮምፒውተርም መብራት ካላገኘ ያው ቆርቆሮ ነው። እውነት ለመናገር እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ባልዲው እንደሆነ በማግፓይዋ ምንቃር ተሰነጣጥቋል፤ ከሄደ ይደማል፤ ከደማ ሰርቨሩ ይሄዳል።

ዶሪን ተነሥታ ባዶ ራሷን ወጣች። ማግፓይዋ ከቅርንጫፏ ቁልቁል አየቻትና ላባዋን ማበጠሯን ቀጠለች። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት በራ። ኔቪል ቁልፉን ሲጫን ከጓሮ ያ ጩኸት ተነሣ። ዶሪን ተመልሳ እጇን ታጠበች።

«ማሽኑ ይቀመጥ» አለችው። «ያንን ማጥፊያ ዳግመኛ ከነካህ ግን፣ ቅዳሜ አውጥቼ በር ላይ የማስቀምጠው አንተን ነው።»