በየቀኑ እጠቀምበታለሁ

ጥሩ ይመስላል ቢል ኖሮ ምን ይጎድልበት ነበር፣ ወይ እኔ አልሞከርኩትም እስቲ እናንተ እዩት፣ ስንት ቃል ሞልቶ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ ብሎ ጻፈ፣ በየቀኑ፣ እንደ ጥርስ ብሩሽ፣ አንድም ቀን ከፍቶ የማያውቀውን ነገር። ዓርብ ጠዋት ነው፣ ቢሮው ገና አልሞላም፣ ላይብረሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስክሪኑ ላይ አፍጧል። ላይብረሪ ስሙ አይደለም፣ አብረውት የሚሠሩት ፕሮግራመሮች ናቸው ያወጡለት፣ በየሳምንቱ ረቡዕ ደስ የሚሉ ሶፍትዌሮችና ንባቦች መርጦ ለአርባ ሰው በኢሜይል ስለሚልክ፣ ታናናሾቹማ ጋሽ ላይብረሪ ነው የሚሉት፣ ደስ ይለዋል፣ ይለው ነበር።

መጀመሪያ ላይ እውነት ነበር እኮ፣ ማንም ሳይጠይቀው ከራሱ ጋር ይሟገታል፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሁሉንም አንብቧል፣ ሁሉንም ሞክሯል፣ ሲሞክር የገዛ ኮምፒውተሩን ሁለቴ ገድሏል፣ ከዚያ ምስጋናው መጣ፣ ጋሼ ይህን ሁሉ መቼ ነው የምታነበው ይሉታል፣ ፈገግ ይላል፣ ፈገግታ ውሸት አይደለም መቼም፣ ከዚያ ርዕሱንና የሌሎችን አስተያየት ብቻ ማየት ጀመረ፣ ከዚያ ርዕሱን ብቻ። ለጠያቂ አእምሮ የሚመከር ብሎም ይጽፍበታል። አፈር ብላ።

የፈታሿ ወንበር ባዶ ነው፣ ትመጣለች፣ ዛሬ ዓርብ አይደል፣ ዓርብ እናየዋለን ያላት ራሱ ነው። የሰውን ኮድ እየሞከረች ስህተት የምታወጣ እሷ ናት፣ ግን ማንንም አሳፍራ አታውቅም፣ ይቺ ነገር ትንሽ አሟታል መሰለኝ ትላለች፣ ፕሮግራሙን እንደ ልጅ እያሻሸች። ሰኞ ዕለት ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች፣ ጋሽዬ አንዲት ነገር ላስቸግርህ፣ ያ ተመሳሳይ ፋይል እየለቀመ የሚያጠፋው፣ አንተ የላክህልን፣ ሐሙስ ይሄ የቤቱ ላፕቶፕ ሞልቶብኝ አስነሣሁት፣ የወንድሜን ድምፆች ወሰደብኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ነበሩ፣ አንድ ቀረ። ወንድሟ ጉሮሮው ታሞ ድምፁን ያጣ ነው፣ ቢሮው ሁሉ ያውቃል፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበሩት ሳምንታት እሷ በስልኳ የቀዳችው ነው፣ ሲቀልድ፣ ልጆቿን በስማቸው ሲጠራ፣ ከእናታቸው ጋር ሲከራከር፣ አሥራ ዘጠኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አለች፣ የሆነ ነገር ተሳስቼ ነክቼ ነው፣ አንተ በየቀኑ ስለምትጠቀምበት መመለሻውን አታጣውም ብዬ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው አለች፣ እሱም እሺ ብሎ ተቀበላት፣ አፉን ሞልቶ፣ ይህ ሳምንት እንኳን ጠቦኛል እህቴ፣ ዓርብ እናየዋለን። ምን ጠበበው፣ ምንም፣ የሶፍትዌሩን መመሪያ ገጽ መክፈት ፈርቶ ነው፣ ከፍቶ ቢያነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበቡን ራሱ ያውቅበታል፣ ማክሰኞ አልከፈተም፣ ረቡዕ አዲሱን ዝርዝር ላከ፣ አዎ ላከ፣ አምስት ሰው አመሰገነው፣ ሐሙስ ስታየው ስልክ የሚያወራ መሰለ።

አሁን ይከፍታል። ይህን ነው እንግዲህ የፈራው፣ አንዲት ገጽ፣ አራት ደቂቃ የማትወስድ። ለፍጥነት ሲባል የፋይሉን መጀመሪያ ብቻ ያነጻጽራል፣ ለድምፅና ለምስል ይህን አሠራር አይጠቀሙ፣ በደማቅ ተጽፏል፣ የሷ ስልክ ሲቀዳ ሁሌ በዚያችው ጢጥ በምትል አጭር ድምፅ ነው የሚጀምረው፣ አሥራ ዘጠኙም አንድ መስለውታል። ወደ ታች። የተወገዱ ፋይሎች በድብቅ ፎልደር ውስጥ ለሰባት ቀን ይቆያሉ፣ በአንድ ትእዛዝ ይመለሳሉ፣ ከዚያ በኋላ ለዘለቄታው ይጠፋሉ። ሰባት። በጣቱ ይቆጥራል፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ሰኞ፣ እንደገና ይቆጥራል፣ ቀኑ ግን አይጨምርለትም፣ ትናንት አለቀ። ሰኞ ላፕቶፑን አቅፋ እዚህ ስትቆም አሥራ ስምንቱም እቅፏ ውስጥ ነበሩ።

አልተቻለም ብሎ መተው ይችላል፣ ታምነዋለች፣ እንዲያውም ታጽናናዋለች፣ ምን ታደርግ ጋሽዬ ደከምክልኝ ትለዋለች፣ ደከምክልኝ፣ አይ፣ ይህችን እንኳ አይቀበልም። እሷ ስትገባ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አጠገቧ ቆሟል፣ እህቴ፣ ያንን ነገር አንድም ቀን ተጠቅሜበት አላውቅም፣ ሳላነብ ነው የላክሁት፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ሰኞ ስትነግሪኝ ደግሞ ፋይሎቹ ነበሩ፣ ይመለሱ ነበር፣ እስከ ትናንት።

ሰኞ ነበሩ፣ ትላለች።

ነበሩ።

አታለቅስም፣ ብታለቅስ ይሻለው ነበር፣ እጇን ገልብጣ ታያለች፣ እኔ እኮ ሳምንቱን ሙሉ ይቺን እጄን ስረግም ነው የከረምኩት፣ ትላለች፣ ለወንድሜም መንገር አቅቶኝ፣ ዛሬ ለምሳ ሊወስደኝ ይመጣል፣ አንተ ንገረው፣ እኔ አልችልም። ጋሽዬ አላለችውም።

ምሳ ሰዓት ነው፣ የቢሮው መግቢያ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ቀዝቃዛ ነው፣ ወንድሟ ረጅም ነው፣ አንገቱ ላይ ስስ ሻርፕ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ትንሽ ደብተር፣ ላይብረሪ ሁሉንም ይነግረዋል፣ በየቀኑ የሚለውን፣ ሰኞን፣ ረቡዕን፣ ሳይቀንስ፣ ይረዝማል ያለው ነገር እንዲህ አጭር ነው፣ ቢጮህብኝ ይላል በልቡ፣ ከዚያ ምን እንዳሰበ ይገባውና አንገቱን ይደፋል። ሰውዬው ደብተሩን ያወጣል፣ ይጽፋል፣ እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል፣ ያዞርለታል፣ የትኛው ነው የቀረው፣ ይላል ጽሑፉ። ላይብረሪ መልስ እንዳለው ሰው አፉን ይከፍታል፣ ሰኞ አንድ ቀረ ስትለው የትኛው ነው አላላትም፣ አሰሚኝም አላላትም፣ አላውቅም ይላል፣ አላዳመጥኩትም፣ ሰውዬው እርሳሱን እንደያዘ ያየዋል፣ ይጠብቃል።